ኡላንባታር ምን ትላለች?

አቶ ደረበ ወንድይራድ ጠዋት ከአልጋቸው ሲነሱ፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ግድግዳውን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው።

«ዓለም ምን ይላል?»

በድሬዳዋ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። ቤት የቀየረ ይጠይቃል፤ ሱቅ ያዛወረ ይጠይቃል፤ ከወላጆቹ ቤት የወጣ ጎረምሳም ይጠይቃል። የሰው ስም ከነመኖሪያው በዓለም መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ፣ ቤት የሚቀይር ሰው ዕቃውን በአንድ ጀምበር ያጓጉዛል፤ ስሙ ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚጓዘው። በየአገሩ ከተማ ስሞችን የሚሰማ አንድ ነገር ተተክሏል። መንግሥት ያወጣለት ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን «ጆሮ» ይለዋል። ጆሮ አንዴ የሰማውን ይዞ ይቆያል፤ አዲሱ ወሬ እስኪደርሰው ድረስ አሮጌውን ሲናገር ይኖራል። አንዳንዱ ጆሮ ፈጣን ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ደጅ ካልጠኑት አይሰማም። ስለዚህ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚባባለው «ስምህ ደረሰ?» ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ «እስያ ይቀረኛል» ወይም «አንድ ሁለት ደሴት ብቻ» ነው።

አቶ ደረበ ግን ቤት አልቀየሩም። የቀየሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው።

ግድግዳው ከተሞቹን አንድ በአንድ ይጠራል፤ እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ቅላጼ ይመልሳል።

«ናይሮቢ። አልጣሽ መንገሻ፤ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ።»

«ሊማ። ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ።»

«ኦስሎ። ከደቻቱ ማዶ፣ መጋላ።»

አቶ ደረበ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሽርጣቸውን እያጠበቁ፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። እያንዳንዱ ከተማ እንደ እሾህ ይወጋቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ ዓለም ከእሳቸው ጋር ነበር። ቀን በቀን ከተማ እየከዳቸው፣ ጃካርታ ሄደች፤ ሞንቴቪዴዮ ሄደች፤ እነ ታሽኬንት እንኳ፣ ትንሽ ሲያቅማሙ ቆይተው ሄዱ። አሁን የቀረችው አንዲት ከተማ ናት።

«ኡላንባታር። አልጣሽ መንገሻ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ደረበ ወንድይራድ ቤት።»

«እግዜር ይስጥሽ» ይላሉ አቶ ደረበ። ከዚያ ተነሥተው ፊታቸውን ይታጠባሉ።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ኡላንባታርን ስንት ዘመን ለተማሪ ሲያስተምሩ «የሞንጎሊያ ዋና ከተማ፤ በጣም ብርዳም» ከማለት በቀር አንድም ደግ ቃል ተናግረውላት አያውቁም። አሁን በዚህ ይጸጸታሉ። «ጨዋ ከተማ ናት» ይላሉ ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ዘሀራ። «ያወቀችውን ሰው በአንድ ጀምበር የማትክድ።»

የቀበሌው ደንብ ግልጽ ነው። የዓለም ጆሮዎች ሁሉ አንድ ቃል እስኪናገሩ ድረስ አዲሱ መኖሪያ አይጸናም። አንዲት ከተማ እንኳ ከቀረች፣ ወይዘሮ አልጣሽ በሕግ ፊት ገና የከዚራዋ አልጣሽ ናቸው። ወይዘሮ ዘሀራ ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩላቸው።

«ጋሽ ደረበ፣ ጆሮ የሚጠየቀውን ነገር አይረሳም ይባላል። ዝም ሲሉት ነው የሚረሳው።»

እውነት ይሁን ውሸት ያጣራ ሰው የለም። አቶ ደረበም አላጣሩም። ከዚያን ቀን ጀምረው ኡላንባታርን ጠዋትም፣ ከምሳ በኋላም፣ ማታም ይጠይቋት ጀመር።

ወይዘሮ አልጣሽ ከቤት የወጡበት ምክንያት ለሰው ሲነግሩት የሚያስቅ ነው። እሳቸው ግን አልሳቁም። በዚህ ዘመን ቤት ሁሉን ያውቃል፤ ማን የት ክፍል እንዳለ፣ ማን በላ፣ ማን ተኛ፣ የማን ጉንፋን እንደተሻለው። አቶ ደረበም ስለ ሚስታቸው የሚጠይቁት ቤቱን ነበር። «አልጣሽ የት ናት?» ሲሉ ቤቱ «ጓዳ» ይላል። «በልታለች?» ሲሉ «በልተዋል» ይላል። ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ሰሞን በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ቤቱ «ተኝተዋል» አለ፤ አቶ ደረበም «ጎሽ፣ ትረፍ» ብለው በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወጡ። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዳይረብሿቸው ብለው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሁለቱም በረንዳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ብርቱካን ይልጣሉ። አቶ ደረበ ዓይናቸውን ከማዶው ዛፍ ላይ ሳይነቅሉ «አልጣሽ የት ናት?» አሉ።

ቤቱ በትሕትና «ከፊትዎ ተቀምጠዋል» ሲል መለሰ።

ወይዘሮ አልጣሽ ብርቱካኑን ልጠው ጨረሱ፤ ግማሹን ለባላቸው ሰጡ፤ ግማሹን በሉ። በማግስቱ ስማቸውን ወደ መጋላ አዛወሩ፤ ዕቃቸውንም በጠራራ ፀሐይ አስጫኑ።

አካል ሄደ፤ ስም ግን ቀረ። በዚህ ምክንያት የሚደርሰው ነገር ለከዚራ ሰዎች መዝናኛ ሆነ። የድሬዳዋ ባጃጆች ሾፌር የላቸውም፤ የሰው ቤት ሲፈልጉ በዚያች ቅጽበት ሥራ ያልበዛበትን የአንዱን ከተማ ጆሮ ይጠይቃሉ። ናይሮቢን የጠየቀ ባጃጅ ወይዘሮ አልጣሽን ወደ መጋላ ይወስዳቸዋል። ኡላንባታርን የጠየቀ ባጃጅ ግን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ባላቸው በር ላይ ያቆማቸዋል፤ ወርደው ሲሄዱም «እንኳን በሰላም ገቡ» ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ከገበያ ሲመለሱ እንዲህ ሆነ። አቶ ደረበ በሽርጥ ብቻ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ደህና ዋልሽ?» አሉ።

«ባጃጁ ነው ያመጣኝ።»

«ይገባኛል።»

«ሌላ እንዳይመስልህ።»

«ኧረ ምንም አልመሰለኝ» አሉ አቶ ደረበ። ሳይታወቃቸው ግን የበሩን ሁለቱንም ተከፋች ወለል አድርገው ከፍተዋል። ወይዘሮ አልጣሽ ሎሚና ቲማቲማቸውን ተሸክመው በእግራቸው ወደ ደቻቱ አቀኑ። አቶ ደረበም ወደ ውስጥ ገብተው ኡላንባታርን አመሰገኑ።

የወይዘሮ አልጣሽ መድኃኒትም፣ ከጭሮ የመጡ እህታቸውም፣ የማኅበር ጓደኞቻቸውም በሙሉ እንዲሁ ከዚራ ወርደዋል። አቶ ደረበ መድኃኒቱን በጨርቅ ጠቅልለው ላኩ፤ እህትየውን ምሳ አብልተው ላኩ። የማኅበሩን ሴቶች ግን መላክ አልቻሉም፤ እስኪመሽ ተቀምጠው ወቀሷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባልና ሚስቱ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ትንቢት ትባላለች፤ የባቡር መሐንዲስ ናት። ዮፍታሔ የሚባል የሥራ ባልደረባዋን ልታገባ ቆርጣለች። የልጁ ወላጆች ሽማግሌ ሊልኩ ፈለጉ። አቶ ደረበ ግን በሽማግሌ ላይ የታወቀ ጠባይ አላቸው። የወንድማቸውን ልጅ ሊጠይቁ የመጡትን ሽማግሌዎች ሦስቴ አመላልሰው፣ አራተኛው ላይ አንዱ ሽማግሌ ወገባቸውን ታመው በቃሬዛ እስኪመጡ ድረስ «እናስብበት» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ እናትና ልጅ ተማከሩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ እናቲቱ ዘንድ መጋላ ይምጡ፤ ነገሩ እዚያ መልክ ከያዘ በኋላ ለአባትየው ቀስ ተብሎ ይነገር ተባለ። ቀኑ እሑድ ሆነ። ወይዘሮ አልጣሽ ቤታቸውን አሰናድተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከልጃቸው ጋር ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ጋሽ በዳዳ ነው፤ ድምፁ ነጎድጓድ የሆነ፣ ምርኩዙን ለጌጥ የሚይዝ ሰውዬ። ቀጥሎ መርጌታ እዝራ፤ ሦስተኛው ብዙ የማይናገሩ የልጁ አጎት። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ጋሽ በዳዳ «ወደ ወይዘሮ አልጣሽ መንገሻ ቤት!» ብሎ አዘዘ። ባጃጁም እንደ ልማዱ ለአፍታ አሰበና አንዲት ከተማ ጠየቀ።

አቶ ደረበ ከምሳ በኋላ ያለውን ጥያቄያቸውን ጠይቀው ገና ከመቀመጣቸው በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ልባቸው ዘለለ። ሚስቱ የሄደችበት ሰው በሩ ላይ ሽማግሌ ሲያይ የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው።

«ግቡ! ግቡ እንጂ!» አሉ። «ሽርጤን ይቅርታ አድርጉልኝ። ቀይሬ ልምጣ። አይ፣ ብሄድ ትጠፉብኛላችሁ። ግቡ።»

ጋሽ በዳዳ ጉሮሮውን ጠረገ። ለሦስት ምልልስ የሚበቃ ንግግር ሲያዘጋጅ ሰንብቷል። «አቶ ደረበ፣ የመጣነው በአንዲት ሴት ጉዳይ ነው...»

«ገብቶኛል። ተስማምቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ገና አልተቀመጥንም እኮ» አሉ መርጌታ እዝራ።

«ተቀመጡ። ተስማምቻለሁ።»

ጋሽ በዳዳ ንግግሩ በከንቱ መቅረቱ ትንሽ አናደደው። «ቢሆንም ወጉ አለ» አለ። «እሷ ፈቅዳለች፤ ቀኑንም የቆረጠችው እሷ ናት። የእርስዎን ፈቃድ ግን...»

«እሷ ፈቅዳለች?» አቶ ደረበ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ራሷ ናት የላከቻችሁ?»

«በአንድ በኩል፣ አዎ።»

«እንግዲያው ምን እንጠብቃለን? ዛሬውኑ ትምጣ!»

«ትምጣ?» አሉ መርጌታ። «ትሂድ ለማለት ነው?»

«መሄዱንማ ሄዳለች!»

ሦስተኛው ሽማግሌ፣ የልጁ አጎት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። «መቼ ነው የሄደችው?»

«ቆየች እኮ። ከእናንተ ምን ይደበቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ዕቃዋን በጠራራ ፀሐይ ጭና ነው የወጣችው።»

«ከእሱ ጋር?»

«ከማን ጋር? ብቻዋን ነው! ከደቻቱ ማዶ ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እኔ አልከለከልኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይኸው በእናንተ ፊት አምናለሁ።»

አጎትየው ፊታቸውን ወደ ጋሽ በዳዳ አዞሩ። «ልጁ ይህን አልነገረንም። ለይስሙላ ነው እንዴ ሽማግሌ የላከን?»

«የቱ ልጅ?» አሉ አቶ ደረበ።

«ዮፍታሔ ነዋ!»

«ዮፍታሔ ማነው?»

ይህን ጊዜ በሩ በኃይል ተከፈተ። ወይዘሮ አልጣሽና ትንቢት ሽማግሌዎቹ ሲዘገዩባቸው ነገሩ ገብቷቸው፣ ባጃጅም ሳያምኑ፣ ደቻቱን በእግራቸው ተሻግረው ደርሰዋል። የወይዘሮ አልጣሽ ነጭ ቀሚስ ጫፉ አሸዋ ለብሷል።

«ምን አሉ?» አለች ትንቢት እያለከለከች። «አባዬ ምን አለ?»

«ተስማምተዋል» አለ ጋሽ በዳዳ። «ቆመን ሳለን ነው የተስማሙት። ምን ላይ እንደተስማሙ ግን እኔም አልገባኝም።»

አቶ ደረበ ሚስታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ የሽማግሌዎቹን ጋቢ አዩ። ቀስ በቀስ ገባቸው። ፊታቸው መጀመሪያ ቀላ፤ ከዚያ አመድ መሰለ። የመጡት ለእሳቸው አይደለም። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልፈለጋቸውም።

«የአንዲት ልጄ ሽማግሌ ሲመጣ» አሉ በዝግታ፣ «ለእኔ አይነገረኝም?»

ትንቢት ዓይኗን ሰበረች። «ልነግርህ መጥቼ ነበር አባዬ። ሁለቴ መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከኡላንባታር ጋር ታወራ ነበር።»

«አንተ ነህ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

አቶ ደረበ ሽርጣቸውን አጠበቁ።

«የመዝገቡ ሰዎች ‹ከድሬዳዋ ሆኖ ስለ እርስዎ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ይጠንቀቁ› ሲሉኝ እኮ ሌባ መስሎኝ ነበር! በሬ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጥሜያለሁ! ከመሸ ማንም ሲያንኳኳ አልከፍትም! አንተ ነህ?»

«ዝም ሲሏት እንዳትረሳሽ ብዬ ነው» አሉ አቶ ደረበ።

መርጌታ እዝራ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑ። ወይዘሮ አልጣሽ ግን አልሳቁም። ባላቸው ፊት ቆሙ።

«ሊማን ጠየቅህ። ኦስሎን ጠየቅህ። በሞንጎሊያ ብርድ ያለችውን ከተማ ስለ እኔ ዕረፍት ነሳሃት። እኔ እኮ ከደቻቱ ማዶ ነኝ ደረበ። ድንጋይ ብትወረውር ጣሪያዬን ትመታለህ። አንድ ቀን መጥተህ ‹አልጣሽ፣ እንዴት ነሽ› አላልከኝም።»

አቶ ደረበ ዓይናቸውን ወደ ባዶ እግራቸው ጣሉ።

ጋሽ በዳዳ ምርኩዙን ወለሉ ላይ መታ። የሚናገርበት ጊዜ እንደደረሰ ታይቶታል። «ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ባዶ እጁን አይነሣም» አለ። «ሁለት ነገር ፊታችን አለ። ሁለቱንም እንየው።»

«የልጄን ጨርሱ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «የእኔን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«የልጅዎ አልቋል። አባትየው ተስማምተዋል።»

ሁሉም ወደ አቶ ደረበ ዞሩ። እኒህ ሽማግሌ በቃሬዛ ያስመጡ ሰው ቃላቸውን ሊያጥፉ ይችሉ ነበር፤ በተሳሳተ ጉዳይ ላይ የተሰጠ ቃል ነውና ማንም አይፈርድባቸውም። ትንቢት ትንፋሿን ይዛ ቆመች። አቶ ደረበ «እናስብበት» የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ዋጧት።

«ልጁን ትወጅዋለሽ?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁ።

ትንቢት አባቷ በቀጥታ ዓይኗን እያዩ ሲጠይቋት ግራ ገባት። «አዎ አባዬ።»

«በልቶ የሚያድር ነው?»

«ከእኔ በላይ ነው የሚበላው።»

«እንግዲያው ቃሌ ቃል ነው» አሉ አቶ ደረበ። «ለማን እንደሰጠሁት ባላውቅም፣ ሰጥቻለሁ።»

ትንቢት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። መርጌታ እዝራ መረቁ፤ አጎትየው «አሜን» አሉ፤ ጋሽ በዳዳ ያዘጋጀውን ንግግር ከነተረቱ፣ ከነግጥሙ፣ ለማንም ባይጠቅምም አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የወይዘሮ ዘሀራ እልልታ ከአጥር ማዶ ተሰማ። ሲያዳምጡ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከትንቢት ጋር ሲወጡ ወይዘሮ አልጣሽም ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። አቶ ደረበ ተከትለዋቸው እስከ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆመው እጃቸውን የሚያደርጉበት አጡ።

«አልጣሽ» አሉ በመጨረሻ። «የት ነው የምትኖሪው?»

ወይዘሮ አልጣሽ ዘወር ብለው አዩአቸው። «ዓለም ሁሉ ነግሮህ የለም እንዴ?»

«ከአንቺ አልሰማሁም።»

አንድ ባጃጅ አጠገባቸው ደርሶ «ወዴት ልውሰድዎት?» ብሎ ቆመ። ወይዘሮ አልጣሽ በእጃቸው ሂድ አሉት።

«ጫማህን አድርግና ና» አሉ ባላቸውን። «ሱሪም አድርግ።»

ደቻቱ በዚያ ወር ውኃ የለውም፤ አሸዋው ፀሐይ የዋለበት ነውና በጫማ ውስጥ እንኳ ይፋጃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ተሻገሩ። አቶ ደረበ ትኩሳቱ ይመለስባት እንደሆነ ጠየቁ። ጉልበቷን ጠየቁ። ማታ ማታ ብቻዋን ምን እንደምትሠራ ጠየቁ። ወይዘሮ አልጣሽ ለአንዳንዱ መለሱ፤ ለአንዳንዱ «ቀስ በል፣ ፈተና አደረግኸው» አሉ።

«ኡላንባታርን ከእንግዲህ አልጠይቃትም» አሉ አቶ ደረበ።

«ተዋት። እሷም ሥራ አላት።»

«ያን ጊዜ መኖሪያሽ ይጸናልሻል።»

«ይጽናልኛ።» ወይዘሮ አልጣሽ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ቤቴን እወደዋለሁ። ግድግዳው አይናገርም። ውኃ የፈለገ ሰው እኔን ነው የሚጠይቀው።»

የመጋላው ቤት በሩ ሰማያዊ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ተገጥሞለታል። ከበሩ አጠገብ ባጅያ የምትጠብስ ጎረቤት መጥበሻዋን ትታ ቀና አለች፤ አቶ ደረበን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

«አልጣሽ፣ ማን ናቸው?»

ወይዘሮ አልጣሽ የመጀመሪያውን ቁልፍ ከፈቱ። «እንግዳ ነው» አሉ። «እራቱን በልቶ ይሄዳል።»

ሁለተኛውን ቁልፍ ከፈቱ፤ በሩን ገፉት።

«ካልመሸበት።»

አቶ ደረበ ፀሐይዋን አዩ። ወደ ተራራው እየተጠጋች ነበር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ምንም እንደማያስቸኩለው ሰው።